ትርፍ ሰው

ጃፓኖች በመጓጓዣ ነገር ጉደኞች ናቸው። ዋካያማ በሚባለው ግዛታቸው፣ ኪሺ በምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2007 ድመት የጣቢያ ኃላፊ አድርገው ሾመዋል። ስሟ ታማ ነበር። የኃላፊነት ባርኔጣ ተሰፍቶላት ጣቢያዋ ላይ ትውላለች፤ አገሬው እሷን ለማየት ይጎርፋል። ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ቀርቶት የነበረ መስመር በድመት ነፍስ ዘራ። እ.ኤ.አ. በ2015 ስትሞትም በክብር ሸኟት። ቶኪዮ ላይ ደግሞ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሠራተኞች ነበሯቸው፤ ሥራቸው ሰውን እየገፉ ባቡር ውስጥ መጠቅጠቅና በሩ እንዲዘጋ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ደግሞ አንድ የባቡር ድርጅት፣ ባቡሩ ከሰዓቱ 20 ሰከንድ ቀድሞ ስለተነሳ ሕዝብን ይቅርታ ጠየቀ ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። ሃያ ሰከንድ! እኛ ዘንድ በሃያ ሰከንድ ረዳቱ የመኪናውን በር ከፍቶ አይጨርስም።

የእኛም መንገድ ቢሆን ለጉድ አያንስም፤ ለምደነው ነው እንጂ። በደርግ ዘመን ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተፋጠው የሚቀመጡባትን ታክሲ ‹‹ውይይት›› ብለን ስም ያወጣን እኛ ነን። የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካል ተቀጥቅጦለት ሰው የሚጭነውን አይሱዙ ‹‹ቅጥቅጥ›› አልነው። ሰው ፈጀብን ብለን የጭነቱን አይሱዙ ‹‹አልቃይዳ››፣ ሲኖትራኩን ‹‹ቀይ ሽብር›› ብለን ጠራነው። ስም ማውጣት ይሆንልናል። ነገር ግን ከሁሉም የሚደንቀው የመንገዳችን ትርኢት እስካሁን ስም አልወጣለትም።

ትርኢቱን ማየት የፈለገ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ሄዶ አማኑኤል ይደርሳል። የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ገበያ ተበትኖ፣ ጀምበር አዘቅዝቃ፣ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጋቢ ውስጥ መግባት ሲጀምር አስፋልቱ ዳር ይቁም። አንድ ሚኒባስ ይመጣል። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። ይቆማል ግን። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ‹‹ግቡ፣ ግቡ፣ ቦታ አለ!›› ይላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ ‹‹እስቲ ጠጋ በሉ፤ አራት አራት ሁኑ›› ይላል። ሦስት የነበሩት አራት ይሆናሉ። በወንበሮቹ መሐል ጣውላ ይጋደማል። ጣውላውም ሲሞላ የቀረው ሰው ጎብጦ ይቆማል። ዶሮው ከወንበር ሥር፣ በጉ ጣሪያ ላይ። ለ15 ሰው በተሠራ መኪና 22 ሰው ይጓዛል።

ዋናው ትርኢት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሌላ ሾፌር መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። የሾፌሮች ቋንቋ ነው፤ ‹‹ወደፊት ትራፊክ አለ›› ማለት ነው። ረዳቱ አንድ ቃል ይናገራል፤ ‹‹ጎንበስ!›› በዚያች ቅጽበት ሰባት ሰው ከምድረ ገጽ ይጠፋል። ሽማግሌው ከነጋቢያቸው እጥፍ ይላሉ። እናት ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣብቃ ከወንበሩ ኋላ ትሸጎጣለች። ተማሪው ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል። ወንበር ያላቸውም ነጠላቸውን ዘርጋ፣ ትከሻቸውን ሰፋ አድርገው መጋረጃ ይሆናሉ። ዝቅ ለማለት የዘገዩ እናት ካሉ ደግሞ ረዳቱ ሳይሆን አጠገባቸው ያለው ሰው ነው ‹‹እማማ፣ ትንሽ ዝቅ በሉ እንጂ!›› የሚላቸው። ሕፃን ካለቀሰ መኪናው በሙሉ ‹‹እሽሽ›› ይላል። ትራፊኩ ቢያይ የሚያየው ተደላድለው የተቀመጡ ሰዎችን ብቻ ነው። መኪናው ኬላውን አልፎ ሲታጠፍ ሰባቱ ከያሉበት ብቅ ብቅ ይላሉ። ሁሉም ይስቃል።

በሌላ ቦታ ደግሞ ትርፉ ሰው ከኬላው ወዲህ ይወርድና፣ መንገድ ዳር እንደሚንሸራሸር ሰው ትራፊኩን በእግሩ ‹‹እንደምን ዋሉ›› ብሎ ያልፋል። መኪናው ኬላውን ተሻግሮ ቆሞ ይጠብቀዋል። አንዳንዱም ትራፊክ ይህን አያጣውም። ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚጫወተው ድብብቆሽ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ያ ያጎነበሰ ሰው ምንድን ነው? ተበዳይ ነው? ተባባሪ ነው? ወይስ ሁለቱንም?

መጀመሪያ ለትርፉ ሰው እንሟገት። በዚያ ሰዓት ከአማኑኤል አስፋልት ዳር የቆመ ሰው አማራጭ የለውም። ቀጣዩ መኪና መቼ እንደሚመጣ የሚነግረው የለም። ማደሪያ የሌለው ገበያተኛ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ዘመድ ያስከተለ፣ ነገ ፈተና ያለበት ተማሪ ሊሆን ይችላል። በተለይም ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ግጭት ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ መንገድ ተዘግቶ በተከፈተ ማግስት መኪና ማግኘት ራሱን የቻለ ዕድል የሆነባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው ‹‹ወንበር የለም፣ ሕግ ነው›› ማለት ቀላል የሚሆነው ወንበር ላይ ለተቀመጠ ነው። ደግሞም ዛሬ ወንበር ያገኘ ነገ ትርፍ ነው። ዛሬ ለሰው የተጠጋ ነገ ይጠጉለታል። በዚህ ዓይን ካየነው ‹‹ጠጋ በሉ›› የመንገድ ላይ እድር ነው። ሆድ ከአገር ይሰፋል የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን አይደል?

ይህን ሙግት የሚንቅ ሰው አገሩን አያውቅም። ግን እስቲ እድሩን ጠጋ ብለን እንየው። እድር አባል አለው፣ ደንብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ መዋጮውም የሚሄደው ኀዘን ለደረሰበት ነው። በመንገዱ እድር ግን ቦታውን የሚያዋጣው ተሳፋሪው ሆኖ ገንዘቡን የሚሰበስበው ረዳቱ ነው። ወንበር ያለው ሰው ለአንድ ወንበር ከፍሎ ሦስት አራተኛው ላይ ይቀመጣል። ትርፉ ሰው ሙሉ ሒሳብ ከፍሎ ጣውላ ላይ ይቀመጣል፤ ቀኑ ከጨለመ ደግሞ ‹‹ጨምር›› ይባላል። ለርኅራኄ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ረዳቱ ‹‹ሰው ሜዳ ላይ ሲቀር አላይም ብዬ ነው›› ካለ፣ ሜዳ ላይ ሊቀር የነበረውን ሰው በነፃ ይጫነው፤ ቢያንስ በግማሽ። እሱን ካላደረገ ያዘነው ለሰውዬው ሳይሆን ለወንበሩ ዋጋ ነው።

ረዳቱንና ሾፌሩንም ቢሆን ሰይጣን አናድርጋቸው። ሾፌሩ ለባለመኪናው የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት። ነዳጅ ጨምሯል፣ ጎማ ጨምሯል። ጎንበስ የሚለው እሱም ነው፤ ለባለመኪናው። ግን የእሱ ዕዳ በሌላ ሰው አንገት ሊከፈል አይገባም።

አንገት ስል ለማስፈራራት አይደለም። ሒሳቡ ይህ ነው። ሰባት ትርፍ ሰው በአማካይ 60፣ 60 ኪሎ ቢመዝን 420 ኪሎ ይሆናል። አራት ኩንታል ጤፍ ከነምርቃቱ ማለት ነው። ያውም ታስሮ ያልተጫነ፣ በየመታጠፊያው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ አራት ኩንታል። ፍሬን የሚያቆመው መኪናውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ነው። ክብደት በጨመረ ቁጥር ለማቆም የሚፈጀው ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ጎማው ይግላል፣ ፍሬኑ ይግላል። በሜዳው ላይ ያልታወቀው ነገር ቁልቁለት ላይ ይታወቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወረድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእርዳታ የሠሩልን ጃፓኖች ናቸው፤ ብዙዎቹን ሚኒባሶችና አይሱዙዎች የፈበረኩትም እነሱ ናቸው። ወንበሩን ቆጥረው ነበር የላኩልን። ጣውላው የእኛ ነው።

አገሪቱ ውስጥ ባለፉት ዓመታት የትራፊክ አደጋ በየዓመቱ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ሲቀጥፍ በፖሊስ ሪፖርት ሰምተናል። ሁሉም በትርፍ ጭነት የመጣ ነው አይባልም። ነገር ግን አደጋ ሲደርስ ከሚጠበቀው በላይ ሰው የሚሞተው፣ መኪናው ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ሰው ስላለ ነው።

እሺ፣ ትርፍ መጫኑ አደገኛ ነው እንበል። ችግርም ግድ ይለዋል እንበል። ሁለቱም እውነት ነው። እኔን ከሁለቱም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ማጎንበሱ ነው።

መጫንና ማጎንበስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተጠጋግቶ መጓዝ ችግር ያመጣው ነገር ነው፤ ሊመሰገንም ሊወቀስም ይችላል። ማጎንበስ ግን ውሸት ነው፤ ያውም በ22 ሰው አካል የሚነገር ውሸት። የሚዋሸው ደግሞ ማን ነው? በዚያ መንገድ ላይ የእኛን ነፍስ እንዲጠብቅ የቆመው ብቸኛው ሰው። ተጠባቂው ከጠባቂው ይደበቃል። በግ ከእረኛው ሸሽቶ ጫካ ውስጥ ሲሸጎጥ ምን እንላለን?

በጉ ግን ምክንያት ሳይኖረው አልሸሸም። ትራፊኩ ትርፉን ሰው ቢያገኘው ምን ይሆናል? ሾፌሩ ይቀጣል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 የአሽከርካሪን ጥፋት በእርከን በእርከን ከፋፍሎ ቅጣት አስቀምጦለት ነበር፤ ከዚያም በኋላ ተሻሽሏል። ሾፌሩ ቅጣቱን በነገው ትርፍ ይመልሰዋል። ትርፉ ሰው ግን ‹‹ውረድ!›› ይባላል። ከአስፋልቱ ዳር፣ በጨለማ፣ ከተነሳበትም ከሚሄድበትም ሳይሆን። ገንዘቡ ተመለሰለትም አልተመለሰለትም መኪና የለም። ስለዚህ ሕጉ ሲከበር የሚቀጣው ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ዜጋውን ከአጥፊው ጋር ያዛምደዋል። ያ ሽማግሌ ሲያጎነብሱ ሾፌሩን መደበቃቸው አይደለም፤ የዛሬውን ማደሪያቸውን መደበቃቸው ነው።

ቅጣትን መፍራት እንዴት እንደሚያስዋሽ፣ ውሸቱም እንዴት እንደሚገድል ያዩት ደግሞ እነዚያው ሃያ ሰከንድ ቢዛነፍባቸው ይቅርታ የሚጠይቁት ጃፓኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2005 አማጋሳኪ በሚባለው ከተማ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከመኖሪያ ሕንፃ ጋር ተላተመ። ከነነጂው 107 ሰው ሞተ፣ ከ500 በላይ ቆሰለ። ነጂው የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ከአደጋው ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ጣቢያ ላይ መቆም ካለበት ቦታ 70 ሜትር ያህል አልፎ ቆሟል። በድርጅቱ ደንብ እንዲህ ያጠፋ ነጂ ለቀናት ‹‹ሥልጠና›› እየተባለ በሰው ፊት የሚዋረድበት ቅጣት ነበር። ስለዚህ ረዳቱን ‹‹አሳንሰህ ንገርልኝ›› አለው። ረዳቱም ለተቆጣጣሪዎቹ 8 ሜትር ብሎ ተናገረ። ነጂው ንግግሩን በሬዲዮ ሲሰማ፣ የባከነችውንም አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ሊያካክስ ሲሮጥ፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የተፈቀደበትን መታጠፊያ በ116 ገባበት።

እነሱ የደበቁት ሜትር ነው፤ እኛ የምንደብቀው ሰው። ፍርሃቱ ግን አንድ ነው። በሁለቱም ቦታ ሰዎች ከአደጋው ይልቅ ቅጣቱን ፈሩ። አደጋው ‹‹ምናልባት›› ነው፤ ቅጣቱ ግን ወዲያው ነው። ማንም ሰው ‹‹ምናልባት››ን ከ‹‹ወዲያው›› በላይ አይፈራም። ደንብ የሚያወጣ ሰው ይህን ካላወቀ፣ ደንቡ ሐቀኛውን ሁሉ ድብብቆሽ ያስተምረዋል።

‹‹ታዲያ ጥፋቱ የሕጉ ነው፤ ተሳፋሪው ነፃ ነው›› የሚል ይኖራል። አይደለም። ጎንበስ ካሉት መካከል ማደሪያ ያጣው ሰው ምክንያት አለው እንበል። ነጠላውን ዘርግቶ የከለለውስ? ወንበር አለው፣ ሒሳቡን ከፍሏል፣ ትራፊኩ አያስወርደውም። ዝም የሚለው ለምንድን ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሉኝታ ነው። ‹‹ሰው ጭነሃልና ተው›› ቢል ሃያ ዓይን ይዞርበታል። ‹‹ለራሱ ወንበር አገኘና!›› ይባላል። ‹‹ከፈለግህ ኮንትራት ያዝ›› ይባላል። ጨካኝ ከመባል ዝም ማለት ይቀላል። ይሉኝታ ብዙ ጊዜ ደግ ያደርገናል፤ ለሽማግሌ ያስነሳናል፣ እንግዳ ያስተናግደናል። እዚህ ላይ ግን የረዳቱ አገልጋይ ሆኗል። ረዳቱ ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ‹‹ልጫን ወይ?›› ብሎ የማይጠይቀን፤ ‹‹እስቲ እናታችን ይግቡ፣ ጠጋ በሉ›› ነው የሚለው። እናታችንን ፊት አድርጎ ደጉን ሰው ያስራል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላል ያገራችን ሰው። ስለ መተባበር የተነገረ ደግ ተረት ነው። ጥፋትም ግን እንዲሁ ይከፋፈላል። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይደፍረውን ጥፋት ሃያ ሁለት ሆነን ስንካፈለው ጌጥ ይሆናል፤ ከኬላው ወዲያ ያስቀናል። አደጋው ሲመጣ ግን አይከፋፈልም። ሞት ለእያንዳንዱ ሙሉውን ነው የሚመጣው።

ይህ ሁሉ የማይለወጥ ጠባያችን ነው ብሎ ተስፋ የቆረጠ ካለ 2012 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በኮሮና ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ተደንግጎ ነበር። ያኔ ወንበር መቁጠር የትራፊክ ብቻ ሥራ አልነበረም። ‹‹ሞልቷል፣ አትጫን›› የሚል ድምፅ ከተሳፋሪው መሐል ይሰማ ነበር፤ ይሉኝታም አልያዘውም። ለምን? አጠገቡ ያለው ሰው አደጋ መሆኑን ስላመነ። ስለዚህ መናገር እንችላለን ማለት ነው። ለቫይረስ የተናገረ አፍ ለፍሬን መናገር አያቅተውም።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ‹‹ትርፍ›› በአማርኛችን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ነው፤ ሌላው ነጋዴ የሚያገኘው ነው። ‹‹ትርፍ ሰው›› ስንል ሳናውቀው ሁለቱንም እንላለን። ለመኪናው ከልክ በላይ የሆነ፣ ለባለመኪናው ግን ገንዘብ የሆነ። ከልክ በላይ የሆነ ሰው ግን በእውነት አለ ወይ? አማኑኤል አስፋልት ዳር የቆመችው እናት ለልጆቿ ትርፍ አይደለችም። ለገበያው ትርፍ አልነበረችም። ትርፍ የሆነችው መኪናው በር ላይ ስትደርስ ነው። ያነሰው መኪናው ነው፤ እኛ ግን ጉድለቱን ለሰውዬዋ ስም አድርገን ሰጠናት።

ጃፓኖች ሰው እየገፉ ባቡር ሲሞሉ የሚያስቅ ነገር ቢሆንም አንድ ነገር አልደበቁም። እ.ኤ.አ. በ1975 በቶኪዮ አካባቢ ዋና ዋና መስመሮች ላይ በግፊያ ሰዓት የሚጫነው ሰው በአማካይ ከልኩ 221 በመቶ ነበር። ይህን ቁጥር ያወጣው የራሳቸው መንግሥት ነው። ከመቶው በላይ ያለውን ሰው ቆጠሩት እንጂ ‹‹ጎንበስ በል›› አላሉትም። ከዚያ ሐዲድ ጨመሩ፣ ባቡር አስረዘሙ፣ ቁጥሩም በጊዜ ሂደት እየቀነሰ መጣ። የተቆጠረ ሰው ባቡር ይጨመርለታል። ያልተቆጠረ ሰው ጣውላ ይጨመርለታል።

ለዚህ ነው ማጎንበስ የሚያሳስበኝ። ሰባቱ ሰዎች ባጎነበሱ ቁጥር ትራፊኩ ሙሉ ግን ሕጋዊ መኪና አየ። የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ችግር የሌለበት መስመር አየ። በገበያ ቀን፣ በበዓል ዋዜማ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ተጨማሪ መኪና መመደብ እንዳለበት የሚያስታውሰው ነገር አላየም። ትርፉ ሰው ሲያጎነብስ የደበቀው ራሱን ብቻ አይደለም፤ የመኪና እጥረቱንም አብሮ ደበቀው። አቤቱታውን ራሱ ቀበረው።

እስቲ አንድ ቀን ረዳቱ ‹‹ጎንበስ!›› ሲል ማንም ባያጎነብስስ? ሽማግሌው ቀና ብለው፣ እናትም ቀና ብላ፣ ተማሪውም ቀና ብሎ፣ ሃያ ሁለቱም ትራፊኩን ፊት ለፊት ቢያዩት? ሾፌሩ ይቀጣል፤ ይቀጣ። ትራፊኩ ግን ‹‹ውረዱ›› ከማለቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ‹‹ጌታው፣ እሺ እንውረድ፤ በምን እንሂድ?›› ያንን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እስኪገኝ ድረስ መኪናው እዚያው ይቆማል። ምሽቱ ይመሻል፣ ብርዱም ይበረታል፣ ወንበር ያለውም ሰው ሰዓቱን ያያል። ከባድ ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው የተሳፋሪው ብቻ አይሆንም፤ የትራፊኩም፣ የጽሕፈት ቤቱም፣ የባለመኪናውም ይሆናል።